የእጅ ሻንጣና የበር ላይ ክፍያ፦ 7 ኪሎው የሚሠራው እስከ የት ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ሮም፣ ከሮም ደግሞ ማልታ እህቴ ጋ ሄጄ ነበር። እስከ ሮም የበረርኩት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። የሮም ማልታውን ቲኬት እህቴ በሌላ ርካሽ አየር መንገድ ኢንተርኔት ላይ ቆረጠችልኝ። የእጅ ሻንጣዬ 7 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ቦሌ ላይ ማንም ምንም አላለኝም። ሮም ላይ ግን ልሳፈር በሩ ላይ ስደርስ ሻንጣውን የብረት መለኪያ ውስጥ አስገቢ አሉኝ። አልገባም። 60 ዩሮ ካልከፈልሽ አትሳፈሪም ተባልኩ፤ ከፍዬ ገባሁ። ተጭበርብሬ ነው? ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? ለገና ደግሞ ስኳር ያለባትን እናቴን ይዤ በዚያው መንገድ ልሄድ ነው። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት የሚጫን ሻንጣ አለን። ምን ባደርግ ይሻላል?»

አልተጭበረበሩም። 60 ዩሮው እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ነገር ግን እህትዎ ቲኬቱን ስትቆርጥ «ተስማምቻለሁ» ብላ ባለፈችው ውል ውስጥ የተጻፈ ክፍያ ነው። ገንዘቡን ስለማስመለስ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ማረም የምፈልገው «7 ኪሎ እንኳ አይሞላም» የምትለዋን ነገር ነው። በቲኬት ቢሮ ባንኮኒ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ከመንገደኛ አፍ በብዛት የሰማኋት ይቺን ነው። 7 ኪሎ የዓለም ሕግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል አንድ የእጅ ሻንጣ እስከ 7 ኪሎ ይፈቅዳል። የሻንጣው መጠን 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ሌላ እንደ ላፕቶፕ ቦርሳ ያለ አንድ ትንሽ የግል ዕቃ አለ። ኤምሬትስና ኳታርም በኢኮኖሚ 7 ኪሎ ነው የሚሉት። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ዱባይና ዶሃ የሚመላለስ ሰው 7 ኪሎን የሁሉም ደንብ አድርጎ ቢይዘው አይገርምም። ሉፍታንዛና ተርኪሽ ጋ ግን 8 ኪሎ ይሆናል። የአሜሪካኖቹ ዴልታ፣ ዩናይትድና አሜሪካን በሀገር ውስጥ በረራቸው የእጅ ሻንጣ ኪሎ አይጠይቁም፤ መጠኑን ብቻ ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ 55 በ35 በ20 የሆነ አንድ ወጥ መጠን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ተቃውሞ ሲበረታበት ወዲያው ቆመ። ዛሬም ሁሉም አየር መንገድ የራሱን ደንብ ያወጣል።

እርስዎን ያስከፈለዎት ኪሎ ሳይሆን መጠን ነው። ርካሽ አየር መንገዶቹ በጣም ዝቅተኛ በሆነው ዋጋ የሚሰጡት ነጻ ቦርሳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፊት ለፊት ካለው ወንበር ስር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ነው። ራያንኤርና ዊዝ ኤር ጋ 40 በ30 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው። ኢዚጄት ጋ 45 በ36 በ20 ሲሆን እስከ 15 ኪሎ ድረስ ይፈቀዳል። ልብ ይበሉ፣ ኢዚጄት ጋ 12 ኪሎ መጽሐፍ የሞላ ትንሽ ቦርሳ በነጻ ያልፋል። ባዶ የሆነ ትልቅ ሻንጣ ግን አያልፍም።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ቦሌ ላይ የሚፈቀደው 55 በ40 በ23 ሻንጣ ውስጡ ወደ 50 ሊትር ይይዛል። 40 በ30 በ20 የሆነው ቦርሳ 24 ሊትር ነው። ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሻንጣዎ 2 ኪሎ ቢመዝን እንኳ ያ የብረት መለኪያ ውስጥ የሚገባበት መንገድ አልነበረም።

መጠን ሲባል ደግሞ ጎማውም እጀታውም የውጭ ኪሱም ይቆጠራል። ሱቅ ላይ «የእጅ ሻንጣ» ተብሎ የተለጠፈበት ወረቀት ምንም ዋስትና አይሆንም። ብዙ ጊዜ ሻጩ የሚነግርዎት ከጎማ በላይ ያለውን ቁመት ነው። ሜትር ይዘው ከመሬት ጀምረው ይለኩ። የውጭ ኪሱን ሞልተው ይለኩ። ባዶውን 20 የነበረ ሻንጣ ፎጣና ጫማ ሲገባበት 25 ይሆናል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ቦሌ ላይ ለምን ዝም አሉኝ?» እንደሚሉ እገምታለሁ። ሻንጣዎ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ደንብ ውስጥ ስለሆነ ነው። ቦሌ ላይ ያሉት ሠራተኞች ሮም ላይ ሌላ ቲኬት እንዳለዎት አያውቁም። ቢያውቁም የሌላ አየር መንገድ ደንብ አያስከብሩም። እውነቱን ለመናገር፣ ደንቡን ያለፈ ሻንጣም አንዳንዴ ሳይመዘን ያልፋል። አንድ ቀን ያለፈ ነገር ግን በሚቀጥለው ቀን ላያልፍ ይችላል። በአጋጣሚ ማለፍን እንደ ፈቃድ የቆጠረ ሰው ነው ኤክሰስ፣ ማለትም የትርፍ ዕቃ ክፍያ፣ የሚከፍለው።

የክፍያው ምክንያት ምንድን ነው? ከላይ ያለው የዕቃ ሳጥን ውስን ነው። ቦይንግ 737 ላይ ነባሩ ሳጥን 4 ባለ ጎማ ሻንጣ ሲይዝ አዲሱ ዓይነት 6 ይይዛል። መንገደኛው ሁሉ አንድ አንድ ቢያመጣ በነባሩ ሳጥን ቦታ አይበቃም። ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ነዳጅ ሲወደድ አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው የሚጫን ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሰዉ ክፍያውን ለመሸሽ ዕቃውን ወደ እጅ ሻንጣ አዛወረ። ሳጥኑ ሞላ፣ መሳፈሪያው ተንጓተተ። ቀጥሎ የእጅ ሻንጣውም ራሱ የሚሸጥ ነገር ሆነ። ለርካሽ አየር መንገድ ቲኬቱ መግቢያ ነው፤ ትርፉ ከሻንጣ፣ ከወንበር ምርጫና ከመሳሰሉት ይመጣል። የበር ላይ ዋጋው ሆን ተብሎ የከበደ ነው። ቀድመው እንዲገዙ ለማስገደድ የተቀመጠ ቅጣት ነው።

ይህ ትክክል ነው ወይ የሚለው አውሮፓ ውስጥ ገና አልተዘጋም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 የእጅ ሻንጣ የጉዞው አስፈላጊ አካል ስለሆነ፣ መጠኑና ክብደቱ ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ ተጨማሪ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም ብሏል። ስንት ሳንቲ ሜትር ምክንያታዊ እንደሆነ ግን አልወሰነም። አየር መንገዶቹ ትንሹን ቦርሳ በነጻ ሰጥተናል ብለው የሚከራከሩት በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የስፔን የሸማቾች ጉዳይ ሚኒስቴር በዚሁ ምክንያት አምስት አየር መንገዶችን በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። እነሱም አልተቀበሉትም። እኔ በግሌ ሻንጣ የሌለው መንገደኛ የለምና ክፍያው ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ጋ ይህን መከራከር በረራ ያሳልፋል እንጂ ገንዘብ አያድንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእርስዎ ችግር ከሻንጣው በፊት ቲኬቱ ላይ ነው የተጀመረው።

ከአዲስ አበባ እስከ ማልታ በአንድ ቲኬት፣ ማለትም በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ቢጓዙ፣ የሻንጣ መብትዎ ብዙውን ጊዜ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ሆኖ ይሄዳል። የሚጫነውን ቦሌ አስረክበው ማልታ ይረከባሉ። እርስዎ የተጓዙት ግን በሁለት ቲኬት ነው። ሁለት ቲኬት ሁለት ውል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ውል ሮም ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለሁለተኛው አየር መንገድ እርስዎ ከሮም ከተማ ተነስተው ኤርፖርት እንደመጣ ማንኛውም ሰው ነዎት። ከኢትዮጵያ ይዘውት የመጡት መብት እዚያ ዋጋ የለውም።

ይህ ከእጅ ሻንጣው ይልቅ ለገናው ጉዞ የሚጫኑት አራት ሻንጣዎች ላይ የከፋ ይሆናል። የኢትዮጵያ ቲኬትዎ ላይ «2 ፒሲ» ተብሎ ከተጻፈ እያንዳንዳችሁ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ አላችሁ። ሮም ላይ አራቱንም ከተሽከርካሪው ቀበቶ ላይ ራሳችሁ አንስታችሁ፣ ጉምሩክ አልፋችሁ፣ እንደገና ተሰልፋችሁ ታስረክባላችሁ። ሁለተኛው አየር መንገድ ለአራቱም ያስከፍላል። ብዙዎቹ ርካሽ አየር መንገዶች የሚጫን ሻንጣን በኪሎ እየለዩ ነው የሚሸጡት። የ20 ኪሎ ገዝተው 23 ኪሎ ሻንጣ ይዘው ቢቀርቡ ለ3 ኪሎው ደግሞ ለየብቻ ይከፍላሉ። ሦስት ኪሎ ትንሽ ይመስላል። አራት ሻንጣ ላይ 12 ኪሎ ነው። በዚያ ላይ ሮም ሁለት ኤርፖርት አላት። ኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ፊውሚቺኖ ነው። ርካሾቹ አንዳንዴ ከቻምፒኖ ይነሳሉ። የቲኬቱን ኤርፖርት አይተው ይቁረጡ።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎችም ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም በአንድ ቲኬት ላይ እነሱ የተሻለ ጥበቃ አላቸው። መነሻው ወይም የመጨረሻ መድረሻው አሜሪካ በሆነ አንድ ቲኬት ላይ የሻንጣው ደንብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ እንዲሆን የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያስገድዳል። ከአዲስ አበባ በዋሽንግተን በኩል ዴንቨር የሚሄድ ሰው በአንድ ቲኬት ከሆነ ሁለቱን ሻንጣ ይዞ ይዘልቃል። የዋሽንግተን ዴንቨሩን ርካሽ አግኝቶ ለብቻው የቆረጠ ግን ለእያንዳንዱ ሻንጣ ይከፍላል። ዩናይትድ ላይ «ቤዚክ ኢኮኖሚ» የሚባለውን በጣም ርካሹን ቲኬት ከገዛ ደግሞ በሀገር ውስጥ በረራ ከወንበር ስር ከሚገባው ቦርሳ በቀር የእጅ ሻንጣ የለውም። ይዞ በር ላይ ከደረሰ ከሻንጣው ዋጋ ሌላ 25 ዶላር የማስተናገጃ ይጨመርበታል።

«ፒሲ» ካልኩ አንድ ነገር ላንሳ፤ ቦሌ ላይ በየቀኑ ሰው ያስለቅሳል። ሁለት ፒሲ ማለት 46 ኪሎን እንደፈለጉ ማካፈል ማለት አይደለም። አንዱ ሻንጣ 30፣ ሌላው 16 ከሆነ ድምሩ 46 ነው። ባለ 30ው ግን ያስከፍላል። እያንዳንዱ ሻንጣ ለብቻው 23ን ማለፍ የለበትም። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ ሻንጣ ደግሞ ቢከፍሉም በአብዛኛው አይቀበሉትም፤ የሚያነሳው ሰው ወገብ ስለሆነ። የእናትዎና የእርስዎ ኪሎም አንድ ላይ ተደምሮ ይታያል ብለው አይተማመኑ። አንዳንዱ አየር መንገድ በአንድ ማስያዣ ላሉ ሰዎች ይፈቅዳል፤ ብዙው አይፈቅድም።

ስለ ይዘቱም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ለገና ባዶ እጁን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የለም። በእጅ ሻንጣ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ ሁሉም በአንድ የ1 ሊትር ግልጽ ከረጢት ውስጥ ነው። ደንቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ላይ አውሮፕላን በፈሳሽ ፈንጂ የማፈንዳት ሴራ ከተደረሰበት በኋላ ነው። አዲስ መፈተሻ ማሽን ያስገቡ አንዳንድ የአውሮፓ ኤርፖርቶች እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ አላልተውታል፤ መነሻዎ ላይ ግን ያረጀው ደንብ ሊሠራ ይችላል። እና ፈሳሽ ሲባል ውሃ ብቻ አይደለም። ማር ፈሳሽ ነው። ቅቤ ፈሳሽ ነው። አዋዜም፣ ወጥም እንዲሁ። «ረግቷል እኮ» ማለት አያስጥልም። ማር የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ ለአውሮፓ እስከ 2 ኪሎ ለራስ ፍጆታ ይፈቀዳል። ንጥር ቅቤና ቋንጣ ግን የትኛውም ሻንጣ ውስጥ ቢሆኑ አይፈቀዱም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዳያስገባ ይከለክላል። ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል፤ ቅጣትም ሊኖር ይችላል። የእናት እጅ የነካው ቅቤ ሲጣል ማየት ከባድ ነው። ከቤት አያውጡት። በርበሬና ሽሮ ወደ አውሮፓ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁኑ። ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ይህ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ምንነቱ ካልተለየ ይቀራል።

በተቃራኒው ፓወር ባንክ ፈጽሞ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ባትሪው እሳት ቢያነሳ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ይታያል፣ ይጠፋል። ከታች ዕቃ ክፍል ውስጥ ማን ይደርስለታል? እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ በእጅ ይያዛል። የተለመደው ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ችግር የለበትም።

የእናትዎን መድኃኒት በሚመለከት ግን ጥብቅ ልሁን። ኢንሱሊን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በጭራሽ እንዳይገባ። የዕቃው ክፍል ቅዝቃዜ ሊያበላሸው ይችላል፤ ሻንጣው ቢዘገይ ደግሞ እናትዎ ያለ መድኃኒት ይቀራሉ። ለጉዞው ከሚበቃው በላይ አድርገው፣ ከመርፌው ጋር፣ ከሐኪም የተጻፈ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አያይዘው በትንሽ ቦርሳ ይያዙት። የመድኃኒት ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ነጻ ነው፤ ፍተሻ ላይ ለብቻው አውጥተው ያሳዩት። ይቺ ቦርሳ ከእናትዎ አንገት ወይም ከእርስዎ ትከሻ መለየት የለባትም። ለብቻዋ ትቆጠር አትቆጠር የሚለውን ሁለተኛውን አየር መንገድ ቀድመው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። እናትዎ ብዙ መራመድ የሚከብዳቸው ከሆነ ዊልቸር ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ያስይዙ። ከአውሮፓ ኤርፖርቶች በሚነሳ በረራ ላይ እርዳታው ነጻ ነው። የራሳቸው ዊልቸር ወይም መደገፊያ ካላቸውም እንደ ሻንጣ አይከፈልበትም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ አደራ። ሻንጣ የሚከብደው በራሳችን ዕቃ ብቻ አይደለም። ጉዞ መኖሩ ከተሰማ ጎረቤቱም ዘመዱም «ይቺን ትንሽ ነገር ብቻ» እያለ ይመጣል። አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ አንዷ ሽሮ፣ አንዱ ለልጁ ጫማ። እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔም ይከብደኛል። 22 ኪሎ አድርገው የዘጉት ሻንጣ ሊነሱ ሁለት ሰዓት ሲቀር 27 ይሆናል። ከዚያ ባንኮኒው ፊት ወለል ላይ ተከፍቶ፣ የሰው አደራ በፌስታል ወጥቶ ለሸኚ ይመለሳል። ሸኚ ቀድሞ ከሄደ ደግሞ ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለም። ስለዚህ ከአሁኑ ለቤተሰብ ቀን ይቁረጡ። ከበረራው ሦስት ቀን በፊት ያልደረሰ ዕቃ አይሄድም። ከሁሉም በላይ፣ የተሰፋ ወይም የታሸገ ነገር ሳይከፈት አይቀበሉ። የዘመድ ቢሆንም ፊታቸው ላይ ከፍተው ይዩት። ኤርፖርት ላይ «ሻንጣውን ራስዎ ነው ያሸጉት?» ተብለው ሲጠየቁ «አዎ» ካሉ፣ ውስጡ የተገኘው ሁሉ የእርስዎ ነው። ዕፅ ከተገኘ «አደራ ነው» የሚል መልስ ከእስር አያድንም።

አሁን ምን ያድርጉ?

የእኔ ምክር አንድ ነው። እናትዎንና አራት ሻንጣ ይዘው በሁለት ቲኬት አይሂዱ። እስከ ማልታ አንድ ቲኬት ይቁረጡ። ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድና ሉፍታንዛ ሁለቱም ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ስለሆኑ በፍራንክፈርት በኩል እስከ ማልታ በአንድ ቲኬት ሊገኝ ይችላል። ዋጋው ከሁለቱ ቲኬት ድምር በልጦ ሲያዩት ያስደነግጥ ይሆናል። ሲያወዳድሩ ግን በርካሹ ወገን የአራት የሚጫን ሻንጣና የሁለት የእጅ ሻንጣ ዋጋ ደምረው ያወዳድሩ። አንድ ነገር ደግሞ ይጨምሩበት፦ የአዲስ አበባው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ፣ በሁለት ቲኬት ከሆነ አዲስ ቲኬት የሚገዙት ከኪስዎ ነው። በአንድ ቲኬት ከሆነ በሌላ በረራ የሚያሳፍርዎት አየር መንገዱ ነው። ከስኳር ሕመምተኛ እናት ጋር ኤርፖርት ማደር የሚያስከትለውን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ቲኬቱን ሲቆርጡ የሻንጣው መብት እስከ ማልታ መሆኑን ጠይቀው፣ ቲኬቱ ላይ ተጽፎ ይዩት።

አንድ ቲኬት በፍጹም ካልተገኘ፣ የሁለተኛውን አየር መንገድ ሻንጣ ቲኬቱ በሚቆረጥበት ሰዓት አብረው ይግዙ። ዋጋው በአብዛኛው ዝቅ የሚለው ያኔ ነው። ቆይተው ኢንተርኔት ላይ ቢጨምሩት ይወደዳል፣ ኤርፖርት ባንኮኒ ላይ የበለጠ ይወደዳል፣ በሩ ላይ ደግሞ እርስዎ የቀመሱት ይሆናል። አራቱን ሻንጣ ወደ ሦስት ወይም ወደ ሁለት ያውርዱ። ሻንጣዎቹን ሲያሽጉ የሚከተሉት ደንብ የሮም ማልታው ይሁን፤ የጠበበው እሱ ነውና። ለሁለታችሁም ጎማ የሌለው፣ ከጨርቅ የተሠራ፣ 40 በ30 በ20 የማያልፍ ቦርሳ ይግዙ። ጎማ ብቻውን ቦታ ይበላል። የጨርቅ ቦርሳ መለኪያው ውስጥ ተጨፍልቆ ይገባል፤ ፕላስቲኩ ሻንጣ ግን አይታጠፍም። መርካቶ ላይ በቀላሉ ይገኛል፤ ሜትር ይዘው ይሂዱ እንጂ።

ቤት ውስጥ ይመዝኑ። የሻንጣ ሚዛን ባይኖር የሰው ሚዛን ይበቃል፦ ሻንጣውን ይዘው ቆመው ይመዘኑ፣ ከዚያ ብቻዎን፣ ልዩነቱ የሻንጣው ነው። 23 ለሚፈቀድ 22፣ 7 ለሚፈቀድ 6 ላይ ያቁሙ። የቤት ሚዛንና የኤርፖርት ሚዛን ሁልጊዜ አይስማሙም። ከባዱን ጫማና ካፖርት ይልበሱት፤ ታኅሣሥ ስለሆነ አውሮፓ ላይ ይፈልጉታል። የኤርፖርት ሱቅ ፌስታልም በርካሾቹ ዘንድ እንደ ተጨማሪ ቦርሳ ሊቆጠር ስለሚችል ቦርሳው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ይተዉለት።

ያም ሆኖ ሻንጣዎ እንደማይገባ ከተጠራጠሩ በሩ ድረስ ይዘውት አይሂዱ። ባንኮኒው ላይ ራስዎ ጠይቀው ይክፈሉ፤ ይወደዳል፣ ግን ከበሩ ይሻላል። በር ላይ ሻንጣው ወደ ታች ይሂድ ካሉዎት ደግሞ፣ ከመስጠትዎ በፊት ፓወር ባንኩን፣ መድኃኒቱን፣ ፓስፖርቱን፣ ወርቅና ገንዘቡን ያውጡ። ሰው ሲቸኩል የሚረሳው እነዚህን ነው።

60 ዩሮው ላይ ልመለስ። ገንዘብ የሚመለሰው ሻንጣው መለኪያው ውስጥ ገብቶ ሳለ ካስከፈሉ፣ ወይም የእጅ ሻንጣው ቀድሞ ተገዝቶ ሳለ በድጋሚ ካስከፈሉ ነው። የእርስዎ አልገባም ብለዋል። ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ እህትዎ ቲኬቱን ስትቆርጥ የእጅ ሻንጣ ወይም ቅድሚያ መሳፈሪያ ጨምራ እንደነበር የቲኬቱን ኢሜይል አውጥታ ትየው። ጨምራ ከሆነ፣ ያንን ኢሜይልና የ60 ዩሮውን ደረሰኝ አያይዛችሁ ለአየር መንገዱ በጽሑፍ አመልክቱ። ለገናው ጉዞ ደግሞ ቦርሳዎቹ ሞልተው ሳለ ከጎናቸው ሜትር ዘርግተው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በር ላይ ከተከራከሩ መለኪያው ውስጥ እንዳለ ሌላ ፎቶ ያንሱ። ከከፈሉም ስምዎና የሻንጣው መጠን የተጻፈበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይሳፈሩ።